ፋይሉን ከመጫንዎ በፊት፦ የደንበኛን ምስጢር ጠብቆ በኤአይ መሥራት

ይህ መመሪያ ሦስት አራት ሰው በሚሠራበት ትንሽ ቢሮ ለሚውሉ ነው፤ ለጠበቃ፣ ለሒሳብ ባለሙያ፣ ለተርጓሚ፣ ለአማካሪ። ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች የአይቲ ክፍል አላቸው፣ የሕግ ክፍል አላቸው፣ የሚከለክልም የሚፈቅድም አለቃ አላቸው። እርስዎ ጋ ይህ ሁሉ የለም። አርባ ገጽ ውል ፊትዎ ተቀምጧል፣ ቀጠሮው ነገ ጠዋት ነው፣ ቻትጂፒቲ ደግሞ በሁለት ደቂቃ አሳጥሮ ይሰጥዎታል። ፋይሉን መጫንና አለመጫን የእርስዎ ብቻ ውሳኔ ነው።

አይጠቀሙ አልልም። የከለከልኩት ጸሐፊ በስልኩ ተደብቆ እንደሚጠቀም አውቃለሁ፤ የተደበቀ አጠቃቀም ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። የምለው ሌላ ነው። የደንበኛዎ ምስጢር የሚጠበቀው በኩባንያው የግላዊነት ፖሊሲ ሳይሆን፣ ጽሑፉ ከኮምፒውተርዎ ከመውጣቱ በፊት እርስዎ በሚሠሩት ሥራ ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ ስለዚያ ሥራ ናቸው።

መጀመሪያ፦ የሚልኩት ነገር የት እንደሚያርፍ ይወቁ

ጥያቄ ጽፈው ሲልኩ ጽሑፉ ውጭ አገር ወዳለ የኩባንያ ሰርቨር ይሄዳል። መልሱ ከመጣ በኋላም የላኩት እዚያው ይቀመጣል። ለምን ያህል ጊዜ የሚለው እንደ አገልግሎቱና እንደ ሴቲንጉ ይለያያል። ለምሳሌ በጎግል ጀሚናይ የግል አካውንት ላይ አንዳንድ ንግግሮችን ሰዎች ቁጭ ብለው ይገመግማሉ፤ የተገመገሙት እስከ ሦስት ዓመት ሊቆዩ እንደሚችሉ፣ ምስጢር የሆነ ነገርም እንዳይጽፉ ጎግል ራሱ ተጠቃሚውን ያስጠነቅቃል። ክሎድ የተባለውን ኤአይ የሚሠራው አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ለውጥ መሠረት፣ የክሎድ የግል ተጠቃሚ ንግግሩ ለሞዴል ማሠልጠኛ እንዲውል ከፈቀደ መረጃው እስከ አምስት ዓመት ሊቀመጥ ይችላል፤ ካልፈቀደ 30 ቀን ነው።

«ሰርዤዋለሁ» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም። ኒውዮርክ ታይምስ የቻትጂፒቲ ባለቤት በሆነው በኦፕንኤአይ ላይ ባቀረበው ክስ፣ የአሜሪካ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ኩባንያው ተጠቃሚዎች የሰረዟቸውን ንግግሮች ጭምር ይዞ እንዲያቆይ አዘዘ። ትእዛዙ ወራት ቆይቶ ተነሣ። በዚያ ሰሞን የፍቺ ፋይል ጭኖ የሰረዘ ጠበቃ ግን በክሱ ምንም ሳይኖርበት ፋይሉ ተጠብቆ ሊቀመጥ ይችል ነበር። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ የኢንተርፕራይዝ ደንበኞችና ምንም መረጃ እንዳይቀመጥ የሚያደርግ ውል የነበራቸው ትእዛዙ አልነካቸውም።

ስሕተትም አለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 በቻትጂፒቲ ላይ በተፈጠረ የሶፍትዌር ጉድለት አንዳንድ ሰዎች የሌላ ሰው ንግግር ርእስ በራሳቸው ገጽ ላይ አዩ። ዞሮ ዞሮ ግን አብዛኛው ነገር የሚያመልጠው በሰው እጅ ነው። በዚያው ዓመት የሳምሰንግ ሠራተኞች የድርጅቱን የፕሮግራም ኮድ ቻትጂፒቲ ላይ ለጥፈው ተገኙ፤ ኩባንያውም ብዙ ሳይቆይ አገልግሎቱን ከለከለ። ማንም አልሰረቃቸውም፣ ራሳቸው ናቸው የሰጡት።

ቀጥሎ፦ ሥራዎን በሦስት ይክፈሉት

አንደኛው ክምር የደንበኛ መረጃ ጨርሶ የሌለበት ሥራ ነው። የደብዳቤ አቀራረብ፣ የኤክሴል ቀመር፣ የአንድ የሕግ ጽንሰ ሐሳብ ማብራሪያ፣ የእንግሊዝኛ ሰዋስው እርማት። ይህን እንዳሻዎ ያድርጉት።

ሁለተኛው ክምር ስምና ቁጥሩ ከተሸፈነ የሚሠራ ነው፤ የውል አንቀጽ ማስገምገም፣ የክስ መልስ ረቂቅ፣ የሪፖርት ማጠቃለያ። አብዛኛው የቢሮ ሥራ እዚህ ይወድቃል።

ሦስተኛው ክምር ቢሸፈንም ባይሸፈንም አይወጣም። የሕክምና መረጃ፣ የሕፃናት ጉዳይ፣ የፆታ ጥቃት ፋይል፣ የወንጀል ተጠርጣሪ ቃል፣ የፋይዳ መታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ፓስወርድ። ዋሽንግተንም ሆነ ፍራንክፈርት ተቀምጠው የጥገኝነት ጠያቂ ቃል የሚተረጉሙ ሰዎችም ይህን ክምር ልብ ይበሉት። ያ ቃል የአንድን ሰው ብሔር፣ የፖለቲካ አቋም፣ የታሰረበትን ቦታና አገር ቤት የቀሩ ዘመዶቹን በአንድ ገጽ ይዟል። ስም ቢወጣለትም ታሪኩ ራሱ ስም ነው። እንዲህ ያለውን በእጅ ይተርጉሙት።

የትኛው ክምር ውስጥ እንደሚገባ ከተጠራጠሩ ይበልጥ ጥብቅ ወደሆነው ክምር ይጨምሩት።

ዋናው ሥራ፦ መሸፈን

እዚህ ቆም ብለን እንሥራው፤ ብዙ ሰው ቀላል እየመሰለው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

የመጀመሪያው ሕግ ዶክመንቱን አለመላክ ነው። አርባ ገጹን ለምን ይጭኑታል? ጥያቄዎ አንቀጽ 14 ላይ ከሆነ አንቀጽ 14ን ብቻ ወደ አዲስ ባዶ ገጽ ይቅዱ። ከዚህም የሚሻለው ጉዳዩን በራስዎ ቃል መጻፍ ነው፦ «አንድ ተከራይ የንግድ ቤት ውሉ ሳያልቅ ለሦስተኛ ወገን አከራየ፤ ውሉ ስለዚህ ዝም ይላል፤ ባለቤቱ ምን ምን አማራጭ አለው?» እንዲህ ከጻፉት የሚሸፈን ነገር የለም።

የግድ ጽሑፉ መላክ ካለበት ስሞቹን በሚና ይተኩ። ሟች፣ ወራሽ ሀ፣ ወራሽ ለ፣ ከሳሽ፣ አበዳሪ፣ ኩባንያ 1። የትኛው ማን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር በወረቀት ወይም በሌላ ፋይል ይቀመጥ፤ ለኤአይ የሚሄደው ገጽ ላይ ፈጽሞ አይገኝ።

አሁን አማርኛው የራሱን ጣጣ ያመጣል። ደንበኛዎ ኃይሉ ይባላሉ እንበል። ዎርድ ላይ «ኃይሉ» የሚለውን ፈልጎ እንዲተካ ቢያዙት፣ ጸሐፊው ገጽ ሦስት ላይ «ሀይሉ»፣ ገጽ ስምንት ላይ «ሃይሉ» ብሎ የጻፈውን ይዘለዋል። ለሰው ዐይን አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ቃላት። ጸሐይና ፀሐይ፣ ዓለሙና አለሙ፣ ሥዩምና ስዩምም እንደዚሁ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ስም ላይ የፊደሉን ዝርያዎች ሁሉ አንድ በአንድ መፈለግ ግድ ነው።

ደንበኛዎ አልማዝ የሚባሉ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «ለአልማዝ» ተብሎ ከተጻፈ ፍለጋው ያገኘዋል። «ላልማዝ»፣ «ያልማዝ»፣ «ካልማዝ» ተብሎ ከተጻፈ ግን አያገኘውም፣ «አ» ከፊቱ ባለው ፊደል ተውጧላ። በ«አ» ለሚጀምር ስም ሁሉ እነዚህንም ለየብቻ ይፈልጉ፣ ወይም ያለ መጀመሪያው ፊደል «ልማዝ» ብለው ይፈልጉ።

በተቃራኒው «ሁሉንም ተካ» የሚለው ቁልፍ ከሚፈልጉት በላይ ይበላል። የፍቺ ንብረት ክርክር ነው፣ ባል ወርቁ ይባላል እንበል። አንድ ጊዜ ሁሉንም ሲተኩ «ወርቁን በሽማግሌ ፊት አስረክባለች» የሚለው ዓረፍተ ነገር «ተከሳሽን በሽማግሌ ፊት አስረክባለች» ሆኖ ቁጭ ይላል። ኤአዩም በዚህ ላይ ተመሥርቶ ሙሉ ትንታኔ ይጽፍልዎታል። ደስታ፣ ተስፋ፣ ሰላም፣ ብርሃኑ… ስማችን ሁሉ ቃል ነውና እያንዳንዱን እያዩ ይተኩ።

የአባት ስም ነገርም አለ። በውርስ ጉዳይ ሟችን «ሟች» ብለው ከተኩ በኋላ የልጆቹን የአባት ስም ከረሱት ሟች ማን እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል ማለት ነው። ስም ሲሸፍኑ ስም ከነአባት ከነአያት ይሂድ። ማዕረጉንም አይርሱ። ሻምበል፣ ሐጂ፣ ቄስ፣ ዶክተር ከሥራ ቦታ ጋር ሲገጥም በትንሽ ከተማ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚሆነው።

ስም በራሳቸው እየፈለጉ የሚሸፍኑ ፕሮግራሞች አሉ፤ አብዛኞቹ የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ስምና ለውጭ አገር ቁጥር አጻጻፍ ስለሆነ ለአማርኛ ጽሑፍ አይታመኑም።

ወደ ቁጥር እንምጣ። የስልክ፣ የሒሳብ፣ የቲን፣ የፋይዳ፣ የካርታ፣ የቤት፣ የሰሌዳና የመዝገብ ቁጥር ሁሉም ይውጣ። ዎርድ ላይ በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ ^# ብለው ቢጽፉ በአሃዝ የተጻፈውን ሁሉ እየለቀመ ያሳይዎታል፤ አሰልቺ ነው፣ ግን አይዘልም። በፊደል የተጻፈውን («አምስት መቶ ሺህ ብር») በዐይንዎ ይፈልጉ።

ቀን ሲሆን ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል። ሁሉንም ቀን ቢያጠፉ የይርጋ ጥያቄ አይመለስም። እንግዲያው ቀኑን ሳይሆን ርቀቱን ይተዉለት፦ «ውሉ የተፈረመበት ቀን»፣ «ከዚያ 26 ወር በኋላ ማስጠንቀቂያ»፣ «ከማስጠንቀቂያው 4 ወር በኋላ ክስ»። ገንዘብም እንዲሁ፤ የሚፈልጉት ድርሻ ከሆነ መጠኑን በመቶኛ ይስጡት። ይህ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ከመሰለዎ፣ ላታኒያ ስዊኒ የተባለች አሜሪካዊት የኮምፒውተር ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳየችውን ያስቡ። ከአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶ የሚሆነውን በፖስታ ኮድ፣ በሙሉ የልደት ቀንና በፆታ ብቻ ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል ነው ያሰላችው። ስም አላስፈለጋትም።

ከጽሑፉ ውጭ ያለውንም ይፈትሹ። የፋይሉ ስም «የወ/ሮ አልማዝ ፍቺ የመጨረሻ» የሚል ከሆነ ውስጡን መሸፈን ከንቱ ነው። ራስጌና ግርጌ፣ የጎን አስተያየቶች፣ የእርማት ታሪክ፣ የጸሐፊው ስም፤ ዎርድ «ኢንስፔክት ዶክመንት» በሚለው ትእዛዝ እነዚህን ያወጣቸዋል። ፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሳጥን መለጠፍ ደግሞ መሸፈን አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የአሜሪካዊው የፖለቲካ አማካሪ የፖል ማናፎርት ጠበቆች ለፍርድ ቤት ያስገቡት ሰነድ በጥቁር የተሸፈነ መስሎ፣ ጋዜጠኞች ጽሑፉን ኮፒ አድርገው ሌላ ቦታ ሲለጥፉት ከሥሩ ያለው ሁሉ ወጣ። ቀላሉ መፍትሔ የተሸፈነውን ጽሑፍ ወደ ኖትፓድ ቀድቶ ከዚያ መላክ ነው፤ ኖትፓድ ፊደሉን ብቻ ነው የሚያሳልፈው።

መልሱ ሲመጣ ስሞቹን የሚመልሱት በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ነው። ድካም ሲይዝ «አሁን ወራሽ ሀ የሚለውን በእንትና ተካልኝ» ብሎ መጻፍ ያምራል። ያን ጊዜ የለፉበት ሁሉ ገደል ገባ።

አካውንትዎን ያስተካክሉ

ከሁሉ በፊት የቴሌግራም ቦቶችን ይተዉ። «ቻትጂፒቲ በነፃ» የሚሉ ቦቶች በእርስዎና በኩባንያው መካከል የቆመ ያልታወቀ ሰው ናቸው። ቦቱን የሠራው ሰው የላኩትን ሁሉ ማንበብ ይችላል፣ ከእርሱ ጋር ምንም ውል የለዎትም፣ ማን እንደሆነም አያውቁም። ለደንበኛ ሥራ ፈጽሞ አይሆኑም።

ሁለተኛው የእኛ ችግር አንድ የተከፈለበት አካውንት ለአምስት ሰው መጋራት ነው። በውጭ ምንዛሪ መክፈል አስቸጋሪ ስለሆነ ምክንያቱ ይገባኛል። ግን የንግግር ታሪኩ በግራ በኩል ተደርድሮ ስለሚታይ አምስታችሁም የአምስታችሁን ደንበኞች ታነባላችሁ። የሚጋሩት ከሌላ ቢሮ ሰው ጋር ከሆነ ደግሞ ምስጢሩን አሳልፈው ሰጥተዋል፣ ሌላ ስም የለውም። ነፃ ግን የግል የሆነ አካውንት ከተከፈለበት የጋራ አካውንት ይሻላል።

ከዚያ ሴቲንግ። ቻትጂፒቲ ላይ «ዳታ ኮንትሮልስ» ውስጥ ገብተው «ኢምፕሩቭ ዘ ሞዴል ፎር ኤቭሪዋን» የሚለውን ያጥፉ። «ሜሞሪ»ንም ያጥፉ፤ ስለ አንዱ ደንበኛ የነገሩትን ይዞ በሌላው ደንበኛ ሥራ ውስጥ ሊያመጣው ይችላልና። «ቴምፖራሪ ቻት» ታሪክ ውስጥ አይቀመጥም፤ ኩባንያው ግን እስከ 30 ቀን ሊያቆየው ይችላል። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር፦ መልሱ ሥር ያለውን የአውራ ጣት ምልክት አይንኩ። አስተያየት ከሰጡ ማሠልጠኛውን አጥፍተውትም ቢሆን ያ ንግግር ለሞዴል ማሻሻያ ሊውል ይችላል። «ሼር» ቁልፉንም እንዲሁ ይራቁት። እ.ኤ.አ. በ2025 ክረምት ሰዎች ለወዳጅ ብለው የፈጠሯቸው የቻትጂፒቲ ሊንኮች ጎግል ፍለጋ ላይ መውጣት ጀምረው ነበር፤ ኦፕንኤአይ ያንን አማራጭ ያነሣው ነገሩ ከታወቀ በኋላ ነው።

አቅም ካለ ለድርጅት የተዘጋጀውን የክፍያ ዓይነት ይግዙ። በቢዝነስና በኢንተርፕራይዝ ውሎች ላይ የላኩት ነገር ያለፈቃድዎ ለማሠልጠኛ አይውልም፣ የአጠባበቅ ግዴታውም በጽሑፍ ተቀምጧል። ያም ሆኖ መሸፈኑን አያስቀርም።

ሌላ መንገድ አለ፤ ሞዴሉን እዚያው ላፕቶፕዎ ላይ መጫን። ኦላማና ኤልኤም ስቱዲዮ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች ናቸው፤ 16 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ መለስተኛ ሞዴል ኢንተርኔት ተቋርጦም ይሠራል። ለእንግሊዝኛ ውል ማጠቃለያ ይረዳል። አማርኛው ላይ ግን እነዚህ ትናንሽ ሞዴሎች ደካማ ናቸው፣ ለክስ ጽሑፍ አይመኩባቸው። ኦላማ ላይ ስማቸው መጨረሻ «ክላውድ» የሚል ያለባቸው ሞዴሎች ወደ ውጭ ሰርቨር የሚልኩ ስለሆኑ እነርሱን አይምረጡ።

ደንበኛውን ይጠይቁ

ሕጉ አጭር ነው፣ ግን ይወቁት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መብትን ያስከብራል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 399 በሥራው ምክንያት ያወቀውን ምስጢር የሚያወጣ ባለሙያን ይቀጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ጤናን፣ ብሔርን፣ ሃይማኖትን የመሰሉ መረጃዎች ልዩ ጥበቃ እንዲኖራቸው፣ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ መረጃም ቅድመ ሁኔታ እንዲሟላለት ይጠይቃል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሰርቨሩ ያለው ውጭ አገር እንደሆነ ከላይ አይተናል። አሜሪካ በጥብቅና የሚሠሩ ወገኖች ደግሞ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ያወጣውን አስተያየት ቁጥር 512 ያንብቡ፤ በውል ውስጥ በጅምላ የተጻፈ ፈቃድ በቂ እንዳልሆነ ይናገራል።

ስለዚህ የአገልግሎት ውልዎ ላይ እንዲህ ያለ አንቀጽ ይጨምሩ፦ «ቢሮው ለረቂቅና ለማጠቃለያ ሥራ በኢንተርኔት የሚሠራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎት ሊጠቀም ይችላል። የደንበኛውን ማንነት የሚገልጽ ስም፣ ቁጥርና አድራሻ ሳይወጣለት ምንም ጽሑፍ አይላክም። ደንበኛው በማንኛውም ጊዜ ይህን ሊከለክል ይችላል፤ መከልከሉ በአገልግሎቱ ላይ ለውጥ አያመጣም።» ከዚያ ቁጭ ብለው በቃል ያስረዱ። ማንበብ የማይችሉ ወይም ኤአይ የሚለውን ሰምተው የማያውቁ ደንበኞች ላይ «ፈርመዋል» ማለት ብቻውን ዋጋ የለውም። «ጉዳይዎን ያለ ስምዎ ለአንድ ኮምፒውተር ነግሬ ሐሳብ ልወስድ እችላለሁ፣ ይፈቅዳሉ?» ይበሉ፤ ይገባቸዋል።

ለቢሮው ሰዎችም አንድ ገጽ ይጻፉ፦ ሦስቱ ክምሮች፣ የተፈቀደው አገልግሎት ስም፣ ሲጠራጠሩ ማንን እንደሚጠይቁ። ጸሐፊውም፣ ተለማማጁም፣ ከውጭ የሚተይብልዎት ሰውም ያንብበው። ኮፒ ቤት ወስደው የሚያስጽፉ ከሆነ እዚያ ያለው ልጅም አቋራጭ ይወዳል፤ ጽሑፉን ኤአይ ውስጥ እንዳያስገባ በግልጽ ይንገሩት፣ ፍላሹንም ይዘው ይምጡ።

የተላከ እንደሆነ

አንድ ቀን አንዱ ያልተሸፈነ ፋይል ይጭናል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ስሜት ቶሎ መሰረዝ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ ይታገሡ። ምን እንደተላከ፣ ከየትኛው አካውንት፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ መዝግበው ስክሪኑን ፎቶ ያንሡ። ከዚያ ንግግሩን ይሰርዙ፣ የተጫነ ፋይል ለብቻው ተቀምጦ ከሆነ እርሱንም፣ የተፈጠረ ሊንክ ካለም ይዝጉት። ፓስወርድ ወይም የሒሳብ ቁጥር ከነበረበት ፓስወርዱ ዛሬውኑ ይቀየር፣ ባንኩም ይነገረው። ለኩባንያውም መረጃው እንዲጠፋ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የጠየቁበትን ኢሜይል ያስቀምጡ።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ ለተቆጣጣሪው ለማሳወቅ የሚሰጠው ጊዜ 72 ሰዓት ስለሆነ «ሰኞ እናየዋለን» አይሠራም። ጉዳዩ ማሳወቅ የሚያስፈልገው ዓይነት ነው አይደለም የሚለውን በዚያው ቀን ይወስኑ።

ለደንበኛው ደውለው ይንገሩ። በመልእክት አይሁን። የተላከው ምን እንደሆነ፣ ያልተላከው ምን እንደሆነ፣ እስካሁን ያደረጉትን በዚህ ቅደም ተከተል ይናገሩ፤ «ምንም አይሆንም» አይበሉ፣ አያውቁምና። የሚጠይቁትን ሁሉ ከመለሱ በኋላ የተነጋገሩትን በአንድ ገጽ ጽፈው አንዱን ቅጂ ለእሳቸው ይስጡ፣ ሌላውን ፋይሉ ውስጥ ያስቀምጡ።